የክሮኖ ትሪገር ምስል የደበዘዘው በላፕቶፕዎ ድክመት አይደለም

ጥያቄ፦ «በልጅነቴ አጎቴ ከአሜሪካ ባመጣልን የሱፐር ኒንቴንዶ ማሽን ክሮኖ ትሪገር የተባለውን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ተጫውቻለሁ። አሁን የ11 ዓመቱን የወንድሜን ልጅ ላስተዋውቀው ብዬ የኮምፒውተሩን ቅጂ ከስቲም (የኮምፒውተር ጨዋታ በኢንተርኔት ከሚሸጥበት መደብር) ላይ በቅናሽ ገዛሁ። ነገር ግን ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ሰዎቹ በውሃ ቀለም የተነካኩ ይመስላሉ፤ እንቁራሪት የሆነው ባላባትም እንደ ድሮው አይናገርም። ያነበብኳቸው አስተያየቶች ቅጂው የተበላሸ ነው ይላሉ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ስክሪኑ 1366 በ768 ነው፤ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም። አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ? ወይስ ይህን ትቼ ኢሙሌተር (ኮምፒውተርን እንደ አሮጌው የጨዋታ ማሽን የሚያሠራ ፕሮግራም) ከነማሳመሪያ ፊልተሩ ልጫን? ወይስ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ ማሽን ላውጣው?»

መልስ፦ አዲስ ላፕቶፕ አይግዙ። ክሮኖ ትሪገር በ1995 ዓ.ም. በጃፓኑ ስኩዌር ኩባንያ ሲወጣ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሥዕሉ፣ ሙዚቃውና ንግግሩ በሙሉ 4 ሜጋባይት በሚይዝ አንድ ካሴት ውስጥ የታጨቀ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ያን ያህል ቦታ ሊይዝ ይችላል። የኮምፒውተሩ ቅጂ በፋይል መጠን ከዚያ እጅግ ቢተልቅም፣ ስክሪኑ ላይ የሚደረድረው ግን ያንኑ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው፤ ለዚህ የተለየ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። የሚያዩትን ድብዛዜ የሚያመጣው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። እጅግ ውድ የሆነ ማሽን ቢኖርዎም ኖሮ በዚሁ ሴቲንግ የሚያዩት ይህንኑ ምስል ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት ቅጂው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በስቲም የሚሸጠው ክሮኖ ትሪገር ከሱፐር ኒንቴንዶው ካሴት በቀጥታ የተዛወረ አይደለም። ጨዋታው በ1999 ለፕሌይስቴሽን፣ በ2008 ለኒንቴንዶ ዲኤስ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ለስልክ ወጣ፤ የኮምፒውተሩ ቅጂ የተሠራው በዚህ በመጨረሻው፣ ማለትም በስልኩ መሠረት ላይ ነው። ኩባንያው፣ በዛሬ ስሙ ስኩዌር ኤኒክስ፣ ቀድሞ ምንም ሳያስታውቅ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2018 ለሽያጭ ሲያቀርበው ለጣት የተሰሩት ትልልቅ ቁልፎች፣ የስልኩ ፊደልና የስልኩ ማለስለሻ ሁሉ እንዳሉ ነበሩ። በአምስት ኢንች ስክሪን ላይ ዓይን የማይለየው ጉድለት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሲዘረጋ ገሃድ ወጣ። እኔ በሥራዬ የቆዩ ፕሮግራሞችን ወደ አዳዲስ ማሽኖች የማዛወር ነገር ስለሚገጥመኝ፣ እንዲህ ያለው ስህተት የሚመጣው ከስንፍና ይልቅ «መነሻችን የትኛው ቅጂ ይሁን?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ ሳይጤን በመቅረቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጥገና ሁሉ በዚያ ውሳኔ ላይ የሚለጠፍ እራፊ ነው።

አሁን ወደ ድብዛዜው ልግባ። የሱፐር ኒንቴንዶው ምስል 256 ፒክስል (ምስሉ የሚገነባበት ትንሹ የቀለም ነጥብ) ስፋትና 224 ፒክስል ቁመት ነበረው። ማሽኑ አንድን ከተማ ወይም ጫካ ሲያሳይ ሙሉ ሥዕል አያወጣም፤ 8 በ8 ፒክስል የሆኑ ትንንሽ ካሬዎችን እየደጋገመ ጎን ለጎን ይደረድራል። አንድ የሣር ካሬ በመቶ ቦታ ይደገማል፤ አንድ የጣሪያ ጠርዝ በሁሉም ቤት ላይ ይውላል። ሠዓሊዎቹ ይህን ገደብ ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር እያንዳንዷን ፒክስል ቆጥረው ነው ያስቀመጡት። የእንቁራሪቱ ዓይን በጣት የሚቆጠሩ ፒክስሎች ናት፤ ከእነርሱ አንዷ ነጭ በመሆኗ ብቻ ፍጡሩ ወደየት እንደሚያይ እናውቃለን። ፊልተር የሚባለው የማለስለሻ ስሌት ግን ስለ ዓይን የሚያውቀው ነገር የለም። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት የተለያዩ ቀለሞችን ሲያገኝ መካከለኛ ቀለም ፈጥሮ ያገናኛቸዋል፤ በዚህም ነጯ ፒክስል ወደ ግራጫ ትሟሟለች፤ ፊቱም ሰም የተቀባ ይመስላል። እርስዎ «በውሃ ቀለም የተነካኩ» ያሉት ይህንን ነው፤ አገላለጽዎ ትክክል ነው።

ከዚህ የባሰው ማለስለሻው ካሬዎቹን አንድ በአንድ ሲነካቸው የሚመጣው ነው። የካሬው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከጎኑ የሚቀመጠው ካሬ የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ ጠርዙን በግምት ያለሰልሰዋል፤ ካሬዎቹ ተመልሰው ሲገጣጠሙ ጠርዝ ለጠርዝ አይስማሙም፤ መሬቱም ላይ ቀጭን የፍርግርግ መስመር ይወጣል። በ2018 መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ፎቶ እያነሳ ያሳየው ስፌት ይህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊያነሱ ይችላሉ፤ በልጅነትዎ ባዩት ቴሌቪዥን ላይም ምስሉ ለስለስ ያለ ነበር። እውነት ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የሚያለሰልሰው ሥዕሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ፣ ሁሉንም በአንድነት ነበር። የኮምፒውተሩ ቅጂ ግን ክፍሎቹን ከመገጣጠሙ በፊት ለየብቻ አለሰለሰ። የጥበብ ቀሚስ ጥለት ከሩቅ ሲታይ ክሮቹ ተዋህደው አንድ ሐረግ ይሆናሉ፤ ይህ የድሮው ቴሌቪዥን ሥራ ነው። ጥለቱን በትንንሹ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ አሽቶ መልሶ መስፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ሠዓሊዎቹ የሚሠሩት ቱቦው የሚያመጣውን መዋሃድ ታሳቢ አድርገው ስለነበር፣ ትዝታዎ አላታለለዎትም፤ ያን ጊዜ ያዩት ምስል በእርግጥ የተሻለ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ከላፕቶፕዎ ስክሪን ጋር ይያያዛል፤ ሆኖም አቅምን ሳይሆን ቁጥርን ይመለከታል። 224 መስመር ያለውን ምስል 768 መስመር ባለው ስክሪን ላይ ሙሉ ለሙሉ ለመዘርጋት እያንዳንዱን መስመር 3.43 ጊዜ ማባዛት ያስፈልጋል። የፒክስል ክፋይ ስለሌለ አንዱ መስመር ሦስት፣ ሌላው አራት ሆኖ ይወጣል። 1080 መስመር ያለው ስክሪን ቢገዙም ስሌቱ 4.82 ስለሚሆን አንዱ አራት ሌላው አምስት ይሆናል፤ ውድ ስክሪንም ከዚህ አያመልጥም። ይህንን በዓይንዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ትሩስ በሚባለው የመጀመሪያው ከተማ ወይም በበዓሉ አደባባይ ላይ የጨዋታውን ጀግና ክሮኖን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርገው ያራምዱና የአጥሩን እንጨት ወይም የደረጃውን ጠርዝ ትኩር ብለው ይመልከቱ። ሲንቀሳቀሱ የመስመሩ ውፍረት የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ምስሉ እንደ ውሃ ላይ ጥላ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ማባዛቱ እኩል አይደለም ማለት ነው። ምስሉን ትንሽ አሳንሶ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ መተው በብዙ የቆዩ ጨዋታዎች ላይ የምመክረው መፍትሔ ነው፤ ሦስት እጥፍ ቢሆን 672 መስመር ነው፤ ከእርስዎ ስክሪን ውስጥ 96 መስመር ብቻ ባዶ ይቀራል።

ስለ ሥዕሉ ይህን ያህል ያልሁት ጥያቄዎ እርሱን ስለሚመለከት ነው እንጂ፣ ለእኔ በ2018 መጀመሪያ የወጣው የኮምፒውተር ቅጂ ትልቁ ጥፋት የውጊያው ገጽ ነበር። የክሮኖ ትሪገር ውጊያ ወደ ሌላ ስክሪን አይወስድዎትም። በዘመኑ የነበሩት አብዛኞቹ የጃፓን የሚና ጨዋታዎች ጠላትን ሸሽገው ድንገት ወደ ተለየ የውጊያ ሜዳ ሲጥሉ፣ እዚህ ግን ጠላቱን በመንገዱ ላይ ያዩታል፤ ውጊያውም እዚያው በቆሙበት ሣር ላይ ይጀመራል። ጠላቶቹ በውጊያው መሃል ይዘዋወራሉ። አንዱ ጥቃት በቀጥታ መስመር ላይ ያሉትን ሁሉ ይመታል፤ ሌላው በአንድ ክብ ውስጥ ያሉትን ብቻ። ስለዚህ የጨዋታው ብልሃት ሁለቱ ጠላቶች እስኪቀራረቡ መጠበቅና በዚያች ቅጽበት መምታት ነው። የሁለት ወይም የሦስት ጓደኞች ጥምር ጥቃት ደግሞ ሁሉም ተራቸው እስኪሞላ መታገስን ይጠይቃል። እንግዲህ ዓይን ሜዳው ላይ መሆን ባለበት ጊዜ ለጣት የተሰሩ ትልልቅ ቁልፎችን ሜዳው ላይ መደርደር ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ ዩጂ ሆሪኢና አኪራ ቶሪያማ የመሩት ቡድን ያቀደውን ውጊያ መጋረድ ነበር። የደበዘዘ ሥዕል ዓይንን ያስከፋል፤ ይህ ግን ጨዋታውን ራሱን ይጎዳ ነበር።

ያነበቧቸው አስተያየቶች የሚናገሩት ስለዚህ ቅጂ ነው፤ ያ ቅጂ ግን ዛሬ የለም። ኩባንያው ቅሬታውን ሰምቶ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ለወራት ተከታታይ ማሻሻያ አወጣ። የመጀመሪያው ማሻሻያ የድሮውን ሥዕል ሳይለሰልስ የሚያሳይ «ኦሪጅናል» የሚባል ምርጫ ጨመረ። ቀጥሎ የመጣው የውጊያውንና የማውጫውን ገጽ ለኪቦርድና ለጆይስቲክ በሚመች፣ ወደ ድሮው በቀረበ መልክ ተካው። በ2022 ደግሞ እጅግ ሰፋፊ ለሆኑ ስክሪኖች የሚሆን ማስተካከያ መጣ፤ ይህ እርስዎን አይመለከትም። እንግዲህ በፌብሩዋሪና በማርች 2018 የተጻፈ ማንኛውንም አስተያየት ለዛሬው ቅጂ ማስረጃ አድርገው አይውሰዱ። የተጻፈበትን ቀን ሳያዩ የሶፍትዌር አስተያየት ማንበብ የሚያሳስት ልማድ ነው።

እንቁራሪቱ እንደ ድሮው አለመናገሩ ደግሞ ከመዛወሩ ጋር የሚገናኝ ጉድለት አይደለም፤ ትርጉሙ ሌላ ነው። እርስዎ በልጅነትዎ ያነበቡት በ1995 በቴድ ዉልዚ የተሠራውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር። ያ ትርጉም ለእንቁራሪቱ ባላባት የጥንት እንግሊዝኛ ለዛ ሰጠው፤ በጃፓንኛው ግን እንዲህ ያለ ለዛ አልነበረውም። ለ2008ቱ የኒንቴንዶ ዲኤስ እትም ቶም ስላተሪ ጽሑፉን እንደገና ተረጎመው፤ ያ አዲስ ትርጉም የጥንቱን አነጋገር በአብዛኛው አስቀርቶ ወደ ጃፓንኛው ሐሳብ ቀረበ። የኮምፒውተሩ ቅጂ የያዘው ይህንኑ ትርጉም ነው። አንዳንድ የቆዩ ምርጫዎች ግን እንዳሉ ቀርተዋል። የጠንቋዩ የማጉስ ሦስት አዛዦች በጃፓንኛው የተሰየሙት በምግብ ማጣፈጫዎች፣ ማለትም በኮምጣጤ፣ በአኩሪ አተር ስጎና በማዮኔዝ ነበር፤ በእንግሊዝኛው በሮክ ሙዚቀኞች ስም ኦዚ፣ ስላሽና ፍሊ የተባሉት እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራሉ። እኔ በበኩሌ የዉልዚ እንቁራሪት ይናፍቀኛል፤ በጥቂት ፊደል ውስጥ ሙሉ ሰው መቅረጽ ትልቅ ችሎታ ነው። ለ11 ዓመት ልጅ ግን አዲሱ ትርጉም በጣም ይሻላል። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ለሚማር ልጅ ማንም ዛሬ የማይናገረው የጥንት ግስ እንቅፋት ከመሆን በቀር አይጠቅመውም። ጨዋታው በአማርኛ አልወጣም፤ ስለዚህ ጽሑፉን አብረው እያነበቡ መተርጎም የእርስዎ ድርሻ ይሆናል።

ወደ ኢሙሌተሩ ልመለስ። በጥያቄዎ ውስጥ «ከነማሳመሪያ ፊልተሩ» ያሉት ላይ ያቆምኩት እርስዎ ከሸሹት ችግር ጋር በሌላ በር ስለሚያገናኝዎት ነው። በኢሙሌተር ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ማሳመሪያዎች የሚሠሩት ከላይ በገለጽሁት መንገድ ነው፤ ቀለም ያዋህዳሉ፤ ፊት ያሟሙታሉ። ኢሙሌተርን ጠቃሚ የሚያደርገው ምስሉን በእኩል እጥፍ ማባዛት መቻሉና የድሮውን ቴሌቪዥን መልክ ሙሉው ሥዕል ከተገጣጠመ በኋላ መጨመሩ ነው፤ በዚህ ረገድ ከኮምፒውተሩ ቅጂ ይበልጣል፤ ይህንን አልክድም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ብቻውን ጨዋታ አይሆንም፤ የካሴቱ ይዘት ያስፈልገዋል። ከማይታወቅ ድረ ገጽ የሚወርደው ፋይል የባለመብቱ ፈቃድ የሌለው ከመሆኑም በላይ፣ ጨዋታ ነው ተብሎ የሚሰጠው የመጫኛ ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ ሲገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጅ በሚጠቀምበት፣ ምናልባትም የባንክና የሥራ ጉዳይዎ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ይህን አደጋ መውሰድ አያስፈልግም። ገንዘብ ከፍለው የገዙት ትክክለኛ ቅጂ በእጅዎ አለ።

አሮጌውን ማሽን በተመለከተ፣ እባክዎ ይህችን ክፍል ሳይዘሉ ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ሱፐር ኒንቴንዶ ግድግዳ ላይ የሚሰካው የኃይል ማስማሚያው የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። የኢትዮጵያ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ቮልት ነው፤ የአውሮፓና የአብዛኛው የባሕረ ሰላጤ አገሮችም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በልጅነትዎ ይሠራ የነበረው ቤት ውስጥ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ስለነበረ መሆን አለበት፤ ዛሬ ያ ትራንስፎርመር ከካርቶኑ ውስጥ ላይኖር ይችላል። በቀጥታ ከሰኩት ማስማሚያው ይቃጠላል፤ ምናልባት ማሽኑንም ይዞ ይሄዳል። ላስቲኩ ቀልጦ የተጣበቀ ማስማሚያ ይዞ «ለምን አይበራም?» ብሎ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል። ሁለተኛው፣ የአሜሪካው ማሽን ምስል ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት የሚወጣ ነው፤ ሁሉም ቴሌቪዥን በቀለም አያሳየውም። ሦስተኛው፣ የሴቭ ፋይልዎን (የደረሱበትን ቦታ የሚያስቀምጠውን መዝገብ) በካሴቱ ውስጥ የሚያቆየው አንዲት የሰዓት ባትሪ የምትመስል ትንሽ ባትሪ ናት፤ ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላ ደክማ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለት የድሮው ሴቭዎ ጠፍቶ ሊያገኙት ይችላሉ፤ የከፋው ደግሞ ልጁ ሰዓታት ተጫውቶ ያስቀመጠው በማግስቱ ላይገኝ መቻሉ ነው። ባትሪዋ በብየዳ የተያያዘች ስለሆነች የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ ሊቀይራት ይችላል፤ በቢላዋ ፈልፍለው ለማውጣት ግን አይሞክሩ። ማሽኑን ጠብቀው ያኑሩት፤ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥንና ትክክለኛ ትራንስፎርመር ካገኙ አንድ ቀን ለራስዎ ያብሩት። ለልጁ መጀመሪያ ግን አይሆንም።

ሌሎቹን እትሞች ባጭሩ ልለፋቸው። የፕሌይስቴሽኑ እትም ውጊያና ማውጫ በከፈቱ ቁጥር ከሲዲው እስኪያነብ ያስጠብቃል፤ ፍጥነቱ ያማረ ጨዋታ ላይ ይህ አሰልቺ ነው። የኒንቴንዶ ዲኤሱ እትም ጥሩ ነው፤ ማውጫዎቹን ወደ ታችኛው ስክሪን ስላወረደ ሜዳው ንጹህ ሆኗል። ነገር ግን ስክሪኑ 192 መስመር ብቻ ስላለው ከመጀመሪያው ምስል ከላይና ከታች ይቀነሳል። መሣሪያው በእጅዎ ከሌለ ለዚህ ብለው አይግዙት። በነገራችን ላይ አውሮፓ ውስጥ ለሚኖሩ አንባቢዎች፣ የሱፐር ኒንቴንዶው ካሴት በዚያ አህጉር በይፋ ተሸጦ አያውቅም፤ ጨዋታው በይፋ የደረሰው በ2009 በዚሁ በዲኤሱ እትም ነው።

ስለዚህ የማያሻማው ምክሬ ይህ ነው፤ የገዙትን የኮምፒውተር ቅጂ ይጫወቱ፤ ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ለጆይስቲክ ያውጡት። መጀመሪያ በስቲም በኩል የመጨረሻው ማሻሻያ መጫኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ጨዋታውን ከፍተው በሴቲንጉ ውስጥ የግራፊክሱን ምርጫ ወደ ኦሪጅናል ይቀይሩ። የእንቁራሪቱ ዓይን ያን ጊዜ ተመልሳ ትገለጣለች፤ ፊቱን ከማለስለሻው ጋር አንድ ጊዜ አስተያይተው ካዩ በኋላ ወደ ሌላው ምርጫ የሚመለሱ አይመስለኝም። የመርገብገቡን ሙከራ ከላይ እንዳልሁት ያድርጉ፤ ከረበሸዎት ሙሉ ስክሪኑን ትተው በመስኮት አሳንሰው ይመልከቱ፤ ካልረበሸዎት ይተዉት። ልጁ ሊያስተውለው የሚችል ነገር አይደለም፤ እርስዎም ከአንድ ሰዓት በኋላ ይረሱታል።

ጆይስቲክን የምመክረው የመጀመሪያው ጨዋታ የተቀረጸው ለአውራ ጣት ስለሆነ ነው። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በሱፐር ኒንቴንዶው ላይ የኤ ቁልፍ በቀኝ፣ የቢ ቁልፍ በታች ነበረች፤ በገበያ ላይ በብዛት በሚገኘው የኤክስቦክስ ዓይነት ጆይስቲክ ላይ ደግሞ ኤ በታች፣ ቢ በቀኝ ናት፤ ኤክስና ዋይም እንዲሁ ተለዋውጠዋል። ጣትዎ የድሮውን ስለሚያስታውስ መጀመሪያ ላይ ማረጋገጥ ፈልገው የሚሰርዙበት ጊዜ ይኖራል። በስቲም የጆይስቲክ ሴቲንግ በኩል ቁልፎቹን ማለዋወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ልጁ ሌሎች ጨዋታዎችንም በዚያው ጆይስቲክ ስለሚጫወት እንዳለ ተውለት፤ የሚለምደው እርስዎ ይሁኑ።

ውጊያውን «ዌይት» በሚባለው አማራጭ ላይ ያድርጉት። ይህ አማራጭ ተጫዋቹ የጥቃትና የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ሆኖ ሲመርጥ ጊዜውን ያቆማል። እንግሊዝኛውን ፊደል እየቆጠረ ለሚያነብ ልጅ ይህ ወሳኝ ነው፤ «አክቲቭ» ላይ ከሆነ የጥቃቱን ስም አንብቦ ሳይጨርስ ጠላት ይመታዋል፤ ጨዋታው ከባድ ነው ብሎም ይደመድማል። ሲለምድ ራሱ ይቀይረው። ኢንተርኔት በሚጠፋበት ጊዜ ለመጫወት ደግሞ ስቲምን አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ገብተው በኦፍላይን ሞድ እንዲከፈት ያድርጉ። ቅጂው በራሱ ሴቭ የማድረግ አገልግሎት አለው፤ ይሁን እንጂ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ፤ ሴቭ ማድረጊያ ቦታ ላይ በደረሱ ቁጥር በእጅ ያስቀምጡ፤ የሴቭ ፋይሉንም አልፎ አልፎ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ተጫዋቾች የሚሠሩትን የማሻሻያ ፋይል ለመጫን ከፈለጉ የጨዋታውን አቃፊ በሙሉ ቀድመው ሳይገለብጡ አይንኩት፤ ለመጀመሪያው ዙር ግን አያስፈልግዎትም።

በዚህ ሁሉ የማይስተካከል ነገር ይቀራል። ኦሪጅናል የሚለው ምርጫ ሥዕሉን ቢመልስም መሠረቱ ያው የስልኩ ፕሮግራም ነው፤ ፊደሉና የማውጫው አቀማመጥ በካሴቱ ላይ እንደነበረው አይሆንም። ምስሉ ለሰፊ ስክሪን በግራና በቀኝ ስለተዘረጋም ለጠባቡ ስክሪን የታሰቡ አንዳንድ ትዕይንቶች መሃላቸው ላይ የሰበሰቡትን ኃይል በመጠኑ ያጣሉ። እነዚህን ለማስተካከል ሲሉ ምሽቶችዎን በሴቲንግ አያሳልፉ። በተቃራኒው ደግሞ ካሴቱ ላይ ያልነበረ ነገር ያገኛሉ፤ ለፕሌይስቴሽኑ የተሠሩት የአኒሜሽን ትዕይንቶችና በዲኤሱ የተጨመሩት ዋሻዎች ተካተዋል። የአኒሜሽን ትዕይንቶቹን ይመልከቷቸው። የዲኤሱ ተጨማሪ ክፍሎች ግን ከዋናው ጨዋታ ጥራት ጋር የሚስተካከሉ አይደሉም፤ ልጁ ታሪኩን ሳይጨርስ ወደዚያ አይምሩት።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ እርስዎን ይመለከታል። በ1000 ዓ.ም. የሺህ ዓመት በዓል ላይ አንዲት ልጅ ከክሮኖ ጋር ተጋጭታ ሐብሏ ይወድቃል፤ ጠረጴዛ ላይ የሌላ ሰው ምሳ ተቀምጧል፤ አንዲት ሕፃን ድመቷ ጠፍታባታለች። እርስዎ እነዚህ ሁሉ በኋላ በፍርድ ቤቱ አዳራሽ አንድ በአንድ እንደሚነሱ ያውቃሉ። የወንድምዎ ልጅ ምሳውን አንስቶ ሊበላ ሲል ዝም ይበሉት። ሰባቱ ዳኞች በየተራ እየመጡ ፍርዳቸውን ሲሰጡ ስክሪኑን ሳይሆን ፊቱን ይመልከቱ።